ምዕራፍ አራት፦ የዳገቱ ኪራይ

ኮልፌ ቀራኒዮ ቤት ፍለጋ የወጣ ወጣት በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ነው?» ብሎ ነው። ደላላውም ለዚሁ ጥያቄ የሚሆን መልስ አያጣም፤ የክፍሉን ስፋት፣ ወለሉ ሊሾ ይሁን ሴራሚክ፣ ታክሲ መያዣው ስንት ደቂቃ እንደሚያስኬድ ይነግረዋል። ተስማምተው ቀብድ ተከፍሎ ዕቃው ከገባ በኋላ ግን ያልተጠየቁት ጥያቄዎች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። ውሃው የሚመጣው በሳምንት ስንት ቀን ነው? የመብራቱ ሒሳብ የሚካፈለው እንዴት ነው? በሩ የሚዘጋው በስንት ሰዓት ነው? ከሦስት ወር በኋላ «ልጄ ሊያገባ ስለሆነ ቤቱን ልቀቅልኝ» ብባልስ?

ተከራይ በየወሩ የሚከፍለው ለአራት ግድግዳ ብቻ አይደለም። ግቢው ለተቀመጠበት ዳገት፣ በግቢው ውስጥ ላሉት ሰዎችና በዚያ ቤት ለሚቆይበት ዘመን ጭምር ይከፍላል። እነዚህ ሦስቱ በደላላው አፍ አይነሱም፤ ኑሮን የሚያቀኑት ወይም የሚያጎብጡት ግን እነሱ ናቸው። በተለይ ለመማር ለመጣ ሰው የኪራይ ቤት የትምህርቱ ግማሽ ነው ብዬ አምናለሁ።

ትምህርት የሚያመጣው ሰው

ኮልፌ ቀራኒዮ የአዲስ አበባ ምዕራባዊ ደጃፍ ነው። ከሰሜን የእንጦጦ ሸንተረር፣ ከምዕራብ ደግሞ ከ3,300 ሜትር በላይ የሚነሳው የወጨጫ ተራራ ይመለከቱታል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 428,895 ነዋሪ ተመዝግቦበት ከመዲናዋ ክፍለ ከተሞች ሁሉ ብዙ ሕዝብ የያዘ ሆኖ ተገኝቷል።

ሰው ለመማር ወደዚህ ሰፈር መምጣት የጀመረው ዛሬ አይደለም። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ውስጥ ነበር። ለስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና ሁለት ወር ገደማ ላይ ተቋርጦ ወደ አገራቸው ተጠሩ። ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ዓላማው የሥጋ ደዌን ማከም ብቻ አልነበረም፤ ከአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ባለሙያዎችን ማሠልጠንም ነበር። ጦር ኃይሎች አካባቢ የመከላከያ ሆስፒታል የጤና ባለሙያዎችን ያስተምራል። ከክፍለ ከተማው አጠገብ፣ ጉለሌ ውስጥ፣ የጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ አለ። በዚያው አቅጣጫ ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበረው ጄኔራል ዊንጌት ዛሬ የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎችን ተቀብሎ ያሠለጥናል። በዋና ዋናዎቹ መንገዶች ዳር በየፎቁ የተከፈቱትን የግል ኮሌጆች ስንጨምርባቸው የተማሪው ብዛት ይገባናል። በ2008 ዓ.ም. የምሥራቅ ምዕራብ ቀላል ባቡር ጦር ኃይሎች ላይ መጨረሻውን ሲያደርግ ደግሞ መሀል ከተማ የሚማረውም የሚሠራውም ወደዚህ ሰፈር ዓይኑን ጣለ።

ደብረ ብርሃን ወይም ጎንደር በመንግሥት ተመድቦ የሚገባ ተማሪ በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲው ማደሪያና ምግብ ያቀርብለታል፤ ዕዳውም በወጪ መጋራት ይመዘገብበታል። የኮልፌው ተማሪ ዕጣ ሌላ ነው። በግል ኮሌጅ፣ በቴክኒክና ሙያ ወይም በማታው ክፍለ ጊዜ የሚማር ሰው ማደሪያውን የሚፈልገው ራሱ ነው። ብዙዎቹ ቀን እየሠሩ ማታ የሚማሩ፣ ወይም ወላጅ ከገጠር ቆጥቦ በሚልከው ብር የሚኖሩ ናቸው። ስለዚህ ሁለት ሦስት ሆነው ይዳበላሉ፤ ከዋናው ቤት ጀርባ የተደረደሩትን የሰርቪስ ክፍሎች ይከራያሉ። ሻል ያለ ገቢ ያላቸው እንደ ሚኪሊላንድ ባሉ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች አንዱን ቤት ለሦስት ለአራት ይካፈላሉ። ዕጣ የወጣለት የኮንዶሚኒየም ባለቤት ራሱ ከዘመድ ጋር ወይም ርካሽ ሰፈር እየኖረ ቤቱን አከራይቶ የባንክ ዕዳውን ሲከፍል ማየት የተለመደ ነው። ተከራዩን የሚያስጨንቀው ወር አከራዩንም ያስጨንቀዋል ማለት ነው።

ውሃ ዳገት ሲወጣ

የክፍለ ከተማው ዝቅተኛ ሰፈሮች ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆኑ ከፍ ያሉት ከ2,500 ሜትር ያልፋሉ። ይህ ልዩነት ለተከራይ ትርጉሙ ብዙ ነው።

መጀመሪያ ውሃውን እንይ። ከኮልፌ በስተምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ፣ በ1930ዎቹ ዓ.ም. የተገነባው የገፈርሳ ግድብ አለ። ያኔ ለነበረችው አዲስ አበባ ትልቅ ሥራ ነበር፤ የማጣሪያው አቅም ግን በቀን 30,000 ሜትር ኩብ ገደማ ብቻ ነው። ለዛሬው የሕዝብ ብዛት ይህ እጅግ ጥቂት ነው። ለከተማዋ ኋላ ላይ የተጨመሩት እንደ ለገዳዲ ያሉ ምንጮች የሚገኙት ደግሞ በምሥራቅ በኩል ነው። በዚህ ምክንያት ውሃው በፈረቃ ይታደላል።

ፈረቃው ለሁሉም እኩል ቢሆን እንኳ ውሃው ለሁሉም እኩል አይደርስም። ውሃ በቧንቧ ውስጥ 10 ሜትር ሽቅብ በወጣ ቁጥር ከግፊቱ አንድ ባር ገደማ ያጣል። ከመስመሩ ሥር ያለው ግቢ ቧንቧውን ሲከፍት የሚፈሰው ውሃ፣ 30 ሜትር ከፍ ብሎ ላለው ጎረቤት ጠብ ሳይል ሊቀር ይችላል። የላይኛው ሰፈር ሰው ውሃ የሚያገኘው የታችኞቹ ቧንቧቸውን ዘግተው ሲተኙ ነው። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት የጀሪካን ድምፅ የሚሰማባቸው ግቢዎች የበዙትም ለዚህ ነው። ተማሪ ፈተና ባለው ቀን ዋዜማ ጀሪካን ሲሞላ ካደረ ኪራዩን በእንቅልፉ ጭምር ከፍሏል።

ስለዚህ ቤት ከመያዝ በፊት ሒሳብ መሥራት ያስፈልጋል። ሁለት ተማሪዎች ለመጠጥ፣ ለምግብና ለመታጠቢያ በቀን 30፣ 30 ሊትር ቢጠቀሙ 60 ሊትር፣ ማለትም ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሆናል። ውሃ በየሦስት ቀኑ የሚመጣ ከሆነ ዘጠኝ ጀሪካንና ማስቀመጫ ቦታ ያስፈልጋቸዋል። ግቢው ሮቶ ካለው ደግሞ ከሮቶው የሚቀዳው ማን እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው። ሮቶው የዋናው ቤት ብቻ ከሆነ ለሰርቪስ ተከራይ ጌጥ ነው።

ከፍታው ማጀት ውስጥም ይገባል። 2,400 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ከዚያ በላይ አይሞቅም። ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር የሚበስሉት በሙቀቱ ልክ ነውና እዚህ ብዙ ይቆያሉ፤ ከቆላ የመጣ ተማሪ «ከሰሉ እሳት የለውም» ሲል ጥፋቱ የከሰሉ አይደለም። ጥራጥሬውን ሌሊቱን ዘፍዝፎ ማሳደርና ድስቱን ከድኖ ማብሰል፣ አቅም ካለ ደግሞ በግፊት ድስት መቀቀል በየወሩ የሚታይ ገንዘብ ያድናል።

ብርዱም የራሱ አመል አለው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድሪቱ ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ትለቀዋለች። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ዳገቱን ተከትሎ ወርዶ ወንዝ ዳር ይተኛል። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል በነዚያ ወራት ሌሊቱን ከደጅ ብዙም አይለይም። ኮርኒስ ያለው ጠባብ ክፍል ኮርኒስ ከሌለው ሰፊ ክፍል ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ርካሽ የሆነበት ምክንያት

ከትንሹ አቃቂ ወንዝና ከገባሮቹ ዳር ያሉ ክፍሎች ብዙ ጊዜ ዋጋቸው ዝቅ ያለ ነው። በበጋ የሚያያቸው ሰው ምክንያቱ አይገባውም። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጡ ከወጨጫና ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ ቆሻሻውን ሁሉ ይዞ በዚያው ያልፋል። ግድግዳው ላይ ከወለሉ ከፍ ብሎ የሚታይ የእርጥበት መስመር፣ በአዲስ ቀለም የተሸፈነ እብጠት፣ ከበሩ ፊት የተደረደረ አሸዋ የሞላ ጆንያ የክረምቱ ምስክሮች ናቸው። ስለ ክረምቱ አከራዩን ከመጠየቅ ነባር ተከራይን መጠየቅ ይበልጣል።

የርካሽ ቦታ ዋጋ ምን ያህል ከባድ ሊሆን እንደሚችል ይህ ክፍለ ከተማ በመሪር ሐዘን ያውቀዋል። ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ሲከመርበት የኖረው የረጲው ቆሼ ከጊዜ ብዛት ራሱ ተራራ ሆነ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ክምሩ ተንዶ ከግርጌው በነበሩት የጭቃና የላስቲክ ቤቶች ላይ ወረደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። እዚያ የኖሩት ለሥራቸውና ለኪሳቸው የቀረበ ሌላ ቦታ ስላላገኙ ነው። ከተማ ለድሃው የሚሆን ቤት ካላዘጋጀ ድሃው ቤቱን የሚያገኘው አደጋው ካለበት ቦታ ነው። ይህን በተከራዩ ስንፍና ማሳበብ በሙታኑ ላይ መፍረድ ነው።

አንድ ቆጣሪ፣ ብዙ በር

በሰርቪስ ግቢ ውስጥ ከኪራይ ቀጥሎ ብዙ ጠብ የሚያስነሳው መብራት ነው። አምስት ስድስት በር በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል። አከራይዋ «ምጣድ አይቻልም፣ ስቶቭ አይቻልም» ይላሉ፤ ተከራዩም ክፋት አድርጎ ይወስደዋል። ሒሳቡን አብረን እንየው።

የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። በ3.5 ብንይዘውና ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በወር አራት ጊዜ ሲጋገር 28 ይሆናል። 10 ዋት የሚፈጅ አምፖል ደግሞ በየማታው አምስት ሰዓት ቢበራ በወር የሚፈጀው 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። እኩል የሚካፈሉ ሁለት ጎረቤቶች አንዷ ጋጋሪ፣ አንዱ አምፖል ብቻ የሚያበራ ቢሆኑ እሱ የእሷን እንጀራ እየከፈለ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነገር አለ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፈለ ነው፤ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ዝቅተኛው እርከን የታሰበው ጥቂት ለሚጠቀም ድሃ ቤተሰብ ነበር። ስድስት ድሆች በአንድ ቆጣሪ ሲሰባሰቡ ግን ፍጆታቸው ተደምሮ እንደ አንድ ሀብታም ቤት ይቆጠርና ከፍተኛው እርከን ላይ ይወጣል። ለእነሱ የታሰበው ቅናሽ በመንገድ ይቀራል። መፍትሔው ለየክፍሉ ትንሽ የማካፈያ ቆጣሪ መግጠም ነው፤ ታሪፉን ባይቀንስም እያንዳንዱ የበላውን እንዲከፍል ያደርጋል። ያ ካልተቻለ በየክፍሉ ያለውን ዕቃ ጽፎ እንደ ዕቃው መካፈል ይቻላል። አከራይም ተከራይም ይህን በመግቢያው ቀን ቢነጋገሩት ግቢው ብዙ ኩርፊያ ይቀርለታል።

ሁለት አዋጆች

ዛሬ ያለው የኪራይ ኑሮ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ለመረዳት ሁለት አዋጆችን ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ አነስተኛ ኪራይ ይከፍሉ ለነበሩት ኪራዩን ቀነሰላቸው። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ከዚያ በላይ የነበሩት ወደ መንግሥቱ የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። ለብዙ ሺህ ተከራዮች እፎይታ ነበር። ይሁን እንጂ ለማከራየት ቤት መሥራት በመከልከሉ ከተማው ሲያድግ የኪራይ ቤት አብሮት አላደገም። የቀበሌ ቤቱም ሲያረጅ በትንሿ ኪራይ ሊጠገን አልቻለም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ኪራይ እንደገና ሲከፈት ክፍተቱን የሞላው ባለ ግቢው ነው። የኮልፌ ባለ ቤቶች በብሎኬት፣ በጭቃና በባሕር ዛፍ ከጓሯቸው ክፍሎችን ደረደሩ። መንግሥት ያልሠራውን፣ ትልልቅ ድርጅቶችም ያልነኩትን የድሃ ኪራይ ቤት የሠሩት በአብዛኛው እነዚህ እናቶችና አባቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም የጡረታቸው ምትክ አድርገውታል። ይህን ውለታ መርሳት አይገባም። ነገር ግን ውሉ የቃል፣ ጭማሪው ድንገተኛ፣ መውጫውም በአንድ ሰው ስሜት የሚወሰን ሆኖ ለሠላሳ ዓመት ቆየ።

ሁለተኛው አዋጅ መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ነው። ተከራይ ሁሉ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉት። ውሉ በጽሑፍ መሆንና መመዝገብ አለበት። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ ሲሆን መጠኑን የሚወስነው ተቆጣጣሪው አካል ነው። አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ ዘዴ መፈጸም አለበት።

ከነዚህ ሁሉ ትልቁ ሁለት ዓመቱ ነው። የጭማሪው ገደብ ኪስን ይጠብቃል፤ ሁለት ዓመቱ ግን ዕቅድን ይጠብቃል። የደረጃ ሥልጠና የጀመረ ወይም የማታ ዲግሪውን ግማሽ ያደረሰ ወጣት በዓመት ሦስት ጊዜ ቤት ሲቀይር ገንዘቡ በደላላና በጭነት ያልቃል፤ ልቡም መጽሐፉ ላይ አይረጋም። አዋጁን ፈርቶ የውሸት ዋጋ ያለበት ውል ተፈራርሞ ልዩነቱን በእጅ የሚከፍል ተከራይ የተሰጠውን ከለላ በራሱ እጅ ይጥላል፤ ክርክር ሲመጣ የሚመሰክርለት ወረቀቱ ነውና። የባንክ ደረሰኝ፣ የተመዘገበ ውል ቅጂና ሲገባ የነበረውን የበርና የመስኮት ሁኔታ የሚያሳይ ፎቶ የድሃ ሰው ጠበቆች ናቸው።

በር፣ ሰላምታና ዕድር

ሕጉ የማይደርስበት የኑሮ ክፍል ደግሞ አለ። የሰርቪስ ተከራይ የሚኖረው በሌላ ሰው ግቢ ነው፤ ውሻው የአከራይዋ፣ የበሩ ቁልፍ የእሳቸው፣ የእንግዳው ብዛትም በእሳቸው ፊት የሚታይ ነው። ሕይወቱን የሚያቀልለት አስቀድሞ መናገር ነው። «እትዬ፣ ሰኞና ረቡዕ የማታ ትምህርት ስላለኝ ሦስት ሰዓት እገባለሁ፤ በሩን ቀስ ብዬ እዘጋለሁ» ብሎ በመጀመሪያው ቀን ያስታወቀ ልጅ ኋላ ላይ በር ላይ አይቆምም። «ልጄ፣ እኔ የምፈራው ሌባውን እንጂ አንተን አይደለም» የሚለው መልስ የሚገኘውም ያኔ ነው። አከራይ ደግሞ ተከራይ በሌለበት ክፍሉን ከፍቶ መግባት እንደማይገባው ሊያውቅ ይገባል። የከፈለበት ክፍል ለጊዜው የተከራዩ ቤት ነው።

ቡና ሲጠሩ መሄድ፣ በበዓል እንኳን አደረሳችሁ ማለት፣ ሲታመሙ መጠየቅ ትንሽ ይመስላል። ተከራይ ሲታመም ጳውሎስ የሚያደርሰው ግን ያ ጎረቤት ነው። ዕድሩም እንደዚሁ ነው። ብዙ ተከራዮች «ነገ ለምለቀው ሰፈር» እያሉ ለዓመታት ዕድር ሳይገቡ ይኖራሉ፤ ዕድሮችም ቤት የሌለውን ሰው ለመቀበል ያመነታሉ። ከዚያ ሞት ሲመጣ ድንኳኑም ወንበሩም እንግዳ ይሆናል። የኮልፌ ዕድሮች የተመዘገበ ውል ያለውን ተከራይ እንደ ነዋሪ ቢቀበሉት፣ ተከራዩም ለሁለት ዓመት እንኳ ቢሆን ሰፈሬ ብሎ ቢገባ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ኪራይ የቤቱን ባለቤትነት ይከለክላል እንጂ የሰፈሩን ልጅነት አይከለክልም።

ከመፈረም በፊት

ቤት ሲታይ በቀንም በማታም መታየት አለበት፤ ቢቻል ውሃ በሌለበት ቀን። ነባሩን ተከራይ ለብቻው አግኝቶ ስለ ውሃው፣ ስለ ክረምቱና ስለ መብራት ክፍፍሉ መጠየቅ፣ ከዚያም የተባለውን ሁሉ በውሉ ላይ ማስፈር ይገባል። የሁለት ቤቶች ዋጋ ሲነጻጸር በኪራዩ ላይ የውሃው፣ የትራንስፖርቱና የማገዶው ወጪ ይደመር። ርካሽ የተባለው ቤት ብዙ ጊዜ ተደምሮ ሲያልቅ ውዱ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ሁሉ ግን የተከራዩ ሸክም ብቻ ሊሆን አይገባም። ኮሌጅ ሲከፈት የመማሪያ ክፍሉና የመምህራኑ ብዛት ይመረመራል፤ ተማሪው የት ያድራል ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። ኮሌጆች ከአካባቢው አከራዮች ጋር ተነጋግረው የታወቀ ውል ያላቸውን ክፍሎች ዝርዝር ለተማሪዎቻቸው ቢሰጡ፣ ወረዳዎች የውል ምዝገባውን ማታና ቅዳሜ ቢያስተናግዱ፣ ለሰርቪስ ግቢዎች የተለያየ ቆጣሪ ማስገባት ቢቀል ገንዘቡ ብዙ ሳይሆን የተማሪው ዓመት ይተርፋል። ልጆቿን ለማስተማር ይህን ያህል የምትደክም አገር የሚያድሩበትን ቤት ከትምህርቱ ወጪ ጋር ልትቆጥረው ይገባል።